ከወረቀቱ ስር ያለው ሰው

ካምፓላ፣ ሜንጎ ሰፈር ካለችው የፍሬም ቤቴ ጓዳ ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ ሰላሳ የሚሆኑ አሮጌ የሰርከስ ፖስተሮች በየመሐላቸው ስስ ወረቀት ገብቶላቸው ተኝተዋል። ናይሮቢ ውስጥ ሊፈርስ ከተቃረበ ሲኒማ ቤት ግድግዳ ላይ በቢላ ፈልቅቄ ያወጣሁት አለ፤ አንዲት ሴት ዝሆን ግንባር ላይ ተቀምጣ የምትስቅበት። ከህንድ የመጡ ባልና ሚስት ገመድ ላይ ቁጭ ብለው ሻይ የሚጠጡበት አለ። ናሰር ሮድ ያሉት ማተሚያ ቤቶች አሮጌ ወረቀታቸውን ሲጥሉ ጠብቄ ከቆሻሻ መሐል ያነሳኋቸውም አሉ። ደንበኞቼ ሲያዩኝ "ይሄ ሰውዬ ሰርከስ እንዴት ቢወድ ነው!" ይላሉ። አልወድም። ዛሬ ድንኳኑን አምጥተው ደጃፌ ላይ ቢተክሉት መስኮቴን ዘግቼ እተኛለሁ።

ሌላ ሰው የሰርከስ ፖስተር ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ላይ ነው። እኔ የምጀምረው ከታች ነው። ሰው በሰው ትከሻ ላይ የቆመበት ሥዕል ከሆነ ታች የቆሙትን ሰዎች ፊት እፈልጋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አላገኘውም። የሥራው ባሕርይ ነው። ሰርከስ ከከተማ ከተማ ስለሚዞር ሥዕሉ አንድ ጊዜ በብዛት ይታተማል፤ የከተማው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ግን በቁራጭ ወረቀት ላይ ለብቻው ይጻፍና ከሥዕሉ ግርጌ ይለጠፋል። ቁራጩ ሲለጠፍ የሚሸፈነው ታች ያለው ነው። ላይ ያለችውን ልጅ የሚሸፍናት የለም።

ይህን የማውቀው የቁራጭ ወረቀት ጸሐፊ ስለነበርኩ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ከአዲስ አበባ ተነስተን በናይሮቢ በኩል ካምፓላ ስንገባ ስድስት ልጆችና አንድ አስተዳዳሪ ነበርን። ሦስት ታች፣ ሁለት መሐል፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ከላይ። እኔ መሐል ነበርኩ። ቀኝ እግሬ የአንዱ ተሸካሚ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ግራ እግሬ ደግሞ ታች መሐል ላይ የሚቆመው ልጅ ትከሻ ላይ። ታች መሐል የሚቆመው ከሁሉም የበለጠ ይከብደዋል፤ በአንዱ ትከሻ የእኔን እግር፣ በሌላው የባልደረባዬን ይሸከማል፤ የልጅቷም ክብደት በእኛ በኩል መጥቶ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ጓደኛዬ የምለው እሱን ነው።

በሥራ ላይ ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ የማውቀው አናቱን ነው። ጸጉሩ መሐል ላይ አንዲት የልጅነት ጠባሳ ነበረችው፤ ወደ ታች ባየሁ ቁጥር የማየው እሷን ነው። እሱም እኔን የሚያውቀኝ በእግሬ ነበር። ሸሚዙ ስር ፎጣ አጥፎ ይጎዘጉዛል፤ እንደዚያም ሆኖ ምኑም አያመልጠውም። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ከስር፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "ፈርተሃል አይደል? ጣቶችህ ተጨብጠዋል" ይለኛል። ከወረድኩ በኋላ ደግሞ "ማቶኬውን ቀንስ እንጂ፤ ትናንት እንዲህ አልነበርክም" እያለ ይስቅብኛል። ካምፓላ ከገባን ጀምሮ የምንበላው እሱን የተቀቀለ ሙዝ ነበርና ሁላችንም ወፍረን ነበር። አንድ ቀን እንኳን ጥሎኝ አያውቅም።

እንግሊዝኛ የምሞክረው እኔ ስለነበርኩ ፖስተሩን እንዳሳትም የተላክሁት እኔ ነኝ። ስድስታችንም የቆምንበትን ፎቶ ለአታሚው ሰጠሁትና "ለከተማው ስምና ለሰዓቱ ከታች አንድ ስንዝር ተውልኝ" አልኩት። በማግስቱ የሙከራ እትሙን አሳየኝ። ስንዝሩን ትቶልኛል፤ የተወው ግን ሦስቱ ተሸካሚዎች ከነበሩበት ቦታ ላይ ቆርጦ ነው። ሥዕሉ የእኔና የባልደረባዬ ቅልጥም ላይ ሲደርስ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ያልቃል። ከዚያ በታች ነጭ ወረቀት ነው። አታሚው አልዋሸኝም። "ሁሉም ይግቡ ካልክ አሳንሰዋለሁ" አለና ያሳነሰውን አወጣልኝ። በትንሹ ሥዕል ላይ ስድስታችንም አለን፤ የእኔ ፊት ግን ባቄላ አክሏል። በትልቁ ላይ ፊቴ መዳፍ ያህላል፣ ጥርሴ ሳይቀር ይቆጠራል። ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጌ አየሁና ትልቁ ላይ ፈረምኩ።

ሌላ ምክንያት ፈልጌለት አውቃለሁ። ጊዜ አልነበረም፣ አስተዳዳሪው ይቆጣል፣ እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ደልያለሁ። ጊዜ ነበረ። አስተዳዳሪውም ፖስተር ምን እንደሚመስል ግድ የሌለው ሰው ነበር። ፊቴ ትልቅ ሆኖ እንዲለጠፍ ፈለግኩ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ጥቅሉን ወደምናድርበት ቤት አመጣሁና ማንም ሳያየው በሬን ዘግቼ የዱቄት ሙጫ አበሰልኩ። በእያንዳንዱ ላይ "ካምፓላ" ብዬ የጻፍኩበትን ቁራጭ ለጠፍኩበት። ጓደኛዬ ሲገባ ሁሉም ተለጥፎ እየደረቀ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየና "እኛስ የታለን?" አለ።

"ከወረቀቱ ስር ናችሁ" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሳቀ። "በቃ እሱንም ተሸከምነዋ!" አለና ወጣ።

ፖስተሩ በከተማው በተለጠፈ ሰሞን ናካሴሮ ገበያ ውስጥ አንዲት አናናስ ሻጭ ፊቴን አውቃ ጮኸች፤ ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየችኝ፣ አናናስም መርቃ ሰጠችኝ። ጓደኛዬ አጠገቤ ቆሟል። "እሱስ ማነው?" ስትለኝ "ዕቃችንን የሚሸከም ልጅ ነው" አልኳት። እንግሊዝኛ ባይችልም መናቄን ከድምፄ የተረዳው ይመስለኛል። አናናሱን ተቀብሎኝ እስከ ቤት የተሸከመው ግን እሱ ነው።

ቡድናችን የፈረሰው ጅንጃ ከተማ አሳይተን በተመለስን ሳምንት ነው። አስተዳዳሪያችን የልብሳችንና የፎቶዎቻችንን ሻንጣ ይዞ ጠፋ። አራቱ ልጆች በየፊናቸው ወደ ውጭ አገር መንገድ አገኙ፤ ላይ የምትቆመዋ ልጅ አሁን አውሮፓ ውስጥ የሕፃናት ጂምናስቲክ ታስተምራለች ይባላል። ካምፓላ የቀረነው እኔና እሱ ነን። እኔ ፍሬም ሥራ ተማርኩ። እሱ ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ፣ ከከተማው ዳር ያለው ሐይቅ ቁልጭ ብሎ በሚታይበት በረንዳ፣ የስፌት መኪና ዘርግቶ ልብስ ይጠግናል። ከአንዲት የዚህ አገር ሴት ጋር ትዳር ይዞ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። ወገቡ መታመም የጀመረው ልጅቷ ከመወለዷ በፊት ነው። ሐኪሙ የአከርካሪው አጥንቶች በሸክም ተጣብቀዋል አለው። አሁን ሲሄድ መሬት የጣለውን ነገር የሚፈልግ ሰው ይመስላል።

ከፎቶዎቹ መጥፋት በኋላ የቀረው ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ሳጥን ውስጥ ያለው ፖስተር። ለግድግዳ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ያስቀረሁት ነው። እሱም ላይ ቁራጩን ለጥፌበታለሁ። ለሳጥን የሚቀመጥ ወረቀት ላይ የትርኢት ሰዓት ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ሰብሳቢ የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፖስተር ሳገኝ ሥዕሉ ላይ ያለውን ሰው ደግሞ እፈልገዋለሁ። አንድ ጊዜ ናካሴሮ ባንክ ቤት በር ላይ የሚቆም ጠባቂ ከፖስተሮቼ በአንዱ ላይ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት እየነዳ ሰባት ሳህን የሚያሽከረክረው ኬንያዊ መሆኑን ከአፍንጫው ለየሁት። ፖስተሩን አምጥቼ ሳሳየው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሁለት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ነካው። "አልሜው ነበር የሚመስለኝ" አለኝ። በማግስቱ ፎቶ ኮፒ አንስቼ ሰጠሁት። ለማላውቀው ሰው ይህን ያህል ደግ ነኝ።

ጓደኛዬ ቁራጩን እንዳነሳለት የጠየቀኝ ሦስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ወረቀቱ ይቀደዳል አልኩት። "አንተ እኮ የዚህ ሥራ ሰው ነህ፤ የነጮቹን የጥንት ካርታ ስታላቅቅ በዓይኔ አይቻለሁ" አለኝ። ካርታ ሌላ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ተከራከርኩት፤ እሱ ደግሞ ስለ ሥራ ሲነገረው የሚያምን ሰው ነው። ሁለተኛውን ጊዜ ቁራጩ በራሱ ታሪክ ነው፣ ካምፓላ ማሳየታችንን የሚናገር ሌላ ነገር የለም አልኩት። እሱንም ተቀበለ።

ሦስተኛው ልጅቷን ይዞ የመጣ ጊዜ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ የእኛ አገር ሰዎች ሲቀልዱበት ትሰማለች፤ ጎባጣ ወገቡን እያዩ "እስቲ ሐይቁን ተሸክመህ አሻግረን" ይሉታል። ትምህርት ቤት ደግሞ አባቷ የሰርከስ ሰው እንደነበር ተናግራ ሳቁባት። ስለዚህ ልታይ መጣች። ፖስተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁላት። ላይ ያለችውን ልጅ አየች፣ እኔን አየችና "አንክል!" ብላ ሳቀች።

"ታታስ የት ነው?" አለች አባቷን ቀና ብላ እያየች።

"ከወረቀቱ ስር ነኝ" አላት፤ አነጋገሩ የእኔ ነበር፣ ቃል በቃል።

ቁራጩን በትንሿ ጥፍሯ መፋቅ ጀመረች። እጇን በጥፊ መታሁት። የሌላ ሰው ልጅ ነች፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ያደረገችው ነገር ቢኖር አባቷን መፈለግ ብቻ ነው። አለቀሰች። ጓደኛዬ ይቅርታ የጠየቀው እኔን ነው፤ ዕቃህን ልታበላሽብህ ነበር ብሎ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ስለ ሰርከስ ሲወራ ከክፍሉ ትወጣለች አለኝ፣ ቆይቶ። ልጅ ሞኝ አይደለም። ምንም ባይኖር ነው እንጂ ይህ ሰውዬ እንዲህ ባልተቆጣ ብላ አስባለች፤ ያላወቀችው ማን እንደዋሸ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቦዳ የሚሏቸው ሁለት የኪራይ ሞተር ብስክሌቶች ቆሙ። ከአንዱ ልጅቷ ወረደች፤ አሁን ረጅም ሴት ሆናለች። ከሌላኛው ጓደኛዬን ነጂው ደግፎ አወረደው። ልጅቷ ልታገባ ነው። የዚህ አገር ሰዎች ክዋንጁላ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ የወንዱ ልጅ ወገኖች ካንዙ የሚሉትን ረጅም ቀሚስ ለብሰው ወደ ልጅቷ ቤት ይመጣሉ፣ ሁለቱ ቤተሰብ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይተዋወቃል፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በአደባባይ ይነገራል። የእናቷ ወገን ጎሳው የታወቀ ነው። የአባቷስ? ከየት መጣ፣ ምን ሠርቶ ኖረ ሲባል የሚታይ ነገር ያስፈልጋል።

"አንክል፣ ፕሊስ" አለችኝ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ። "ታታ ሌላ ምንም ፎቶ የለውም። ወጣት ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ አንድ የለም። እዚያ ላይ ካለ ላሳያቸው። ከሌለ ደግሞ ልወቅ።"

እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ዓይኑ ውስጥ ጥርጣሬ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ደስ ብሎት ነው የተቀመጠው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፣ ጢሙን ተላጭቷል።

ነገ ብዬ ልልካቸው፣ ሌሊቱን ፖስተሩን አቃጥዬ ተሰረቅኩ ልል አሰብኩ። "አንተ ሂድ፣ እኔ ቀስ ብዬ ሠርቼ አመጣልሃለሁ" አልኩት።

"የለም፣ እያየሁት ይነሳ" አለ። "ይሄን ያህል ዓመት ቆይቼ ከበር ላይ ልመለስ?"

ውሃ ጣድኩ። ጨርቅ አርጥቤ ቁራጩ ላይ አኖርኩ። የዱቄት ሙጫ አይጠነክርም፤ ያቺ ልጅቷ ያኔ የፋቀቻት ጠርዝ ሩብ ሰዓት እንኳን ሳትሞላ ተነሳች። ልጅቷ በሁለት ጣቷ ያዘችው። እኔ በደነዝ ቢላ ከስር ስከተላት እሷ ቀስ እያለች ወደ ላይ ሳበችው፣ እስከ ጫፉ ድረስ።

ነጭ ነው። ሙጫው የነበረበት ትንሽ ቢጫ ሆኗል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። የእኔና የባልደረባዬ እግሮች ቅልጥማቸው ላይ በቀጥተኛ መስመር ተቆርጠው አየር ላይ ቀርተዋል። ልጅቷ ቁራጩን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ቀለሙ ከሙጫው ጋር ተነስቶ እንደሆነ ብላ ነው። ጀርባውም ባዶ ነው።

ጓደኛዬ ከበርጩማው ተነስቶ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ስለጎነበሰ አናቱን አየሁት፤ ጸጉሩ አልቆ ያቺ ጠባሳ ብቻዋን ቀርታለች። አውራ ጣቱን ነጩ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ አኖረ።

"መቼ አወቅክ?" አለኝ ቀና ሳይል።

"ስፈርም።"

"ልትነግረኝ ትችል ነበር።"

"እችል ነበር። ሥዕሉን ቢያሳንሰው ሁላችንም እንገባ ነበር። ፊቴ ትልቅ እንዲሆን ብዬ ነው።" ከሃያ ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ የከረመው ነገር ወጥቶ ሲሰማ ይህን ያህል ትንሽ ነበር፤ ይበልጥ ያሳፈረኝም እሱ ነው።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። መሰደብ ፈልጌ ነበር። እሱ ግን "ታዲያ ስንት ዓመት ሙሉ ነጭ ወረቀት ላይ ቆመሃላ" አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ያለቀሰችው ልጅቷ ናት። ቁራጩን እንደያዘች፣ በእኔ በኩል ሳይሆን ወደ አባቷ ዞራ፣ "ታታ፣ እኔ እኮ ውሸታም ብዬሃለሁ" አለች። "ለማሚም፣ ለጓደኞቼም፣ አባቴ ሰርከስ የሚለው ነገር ውሸት ነው ብያለሁ።" ቀጥሎ በእናቷ ቋንቋ፣ በሉጋንዳ፣ ፈጥና ብዙ ተናገረችው፤ እኔ ሁሉንም አልተከተልኩትም፣ እሱ ግን ራሱን እየነቀነቀ እጇን ይደባብሳል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና "መልሰህ ለጥፈው" አለኝ።

"ምኑን?"

"ወረቀቱን። ድሮ በለጠፍክበት ቦታ። ፍሬምም አድርግበት፣ መስታወት ያለው። ቀኑ ሲደርስ ራስህ ይዘኸው ና።"

ዱቄት በጥብጬ ያንኑ ሙጫ አበሰልኩ። የገዛ እጄ ጽሕፈት ያለበትን ቁራጭ በገዛ እጄ ለሁለተኛ ጊዜ ለጠፍኩት። እነሱ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።

የክዋንጁላው ዕለት ሙቱንጎ ያለው ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ድንኳን ፊት ለፊት ተተክሏል። የልጁ ወገኖች በነጭ ካንዙ፣ ሴቶቹ ትከሻው ሹል በሆነው ጎሜሲ ቀሚሳቸው ተደርድረዋል። የእኛ ሰዎችም ነበሩ፤ ሐይቁን አሻግረን የሚሉት ሁሉ ሱፍ ለብሰው መጥተዋል። የልጁ ወገን ተናጋሪ ስለ ሙሽሪት አባት ሲጠይቅ ጓደኛዬ በምርኩዙ ተነሳ። በዓይኑ ጠራኝ። ፍሬሙን ይዤ መሐል ላይ አጠገቡ ቆምኩ።

"ከፍ አድርገው" አለኝ።

ከፍ አደረግኩት። ከባድ ነው፤ ወፍራም እንጨትና መስታወት መርጬ የሠራሁት ራሴ ነኝ። በአማርኛ ነው የተናገረው፣ ልጅቷ እያንዳንዱን ወደ ሉጋንዳ መለሰችው። ወጣት ሳለሁ አምስት ሰው የቆመብኝ ተሸካሚ ነበርኩ አለ። አንድ ቀን ማንንም ጥዬ አላውቅም አለ። ይህኛው እውነት ነው። አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ሆነው የት ጋ እንደሆነ ጠየቁ። ጓደኛዬ ወደ እኔ ተጠጋና ጣቱን ቁራጩ ወረቀት ላይ አኖረ፤ ከስሩ ምን እንዳለ አሁን ከእኔ እኩል ያውቃል።

"እኔ ከወረቀቱ ስር ነኝ" አለ።

ልጅቷ ድምጿ ሳይዛነፍ ተረጎመችው። ሁለቱም ድንኳን አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ክንዴ መዛል ጀመረ፣ ግን አውርደው አላለኝም። ፊቱን ወደ ሕዝቡ አድርጎ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣

"ፈርተሃል አይደል?" አለኝ። "ጣቶችህ ተጨብጠዋል።"